ከመሪው ቀጥሎ

ቅናት የሴት ነው የሚሉ ወንዶች ታናሽ ወንድም የሌላቸው ናቸው። እኔ አለኝ። በስምንት ዓመት እበልጠዋለሁ፤ በቀረው ሁሉ ይበልጠኛል። ይህችን ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ብቻ አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል።

እሱ እዚህ ሲያትል አጠገብ፣ ሬድመንድ ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ይሠራል፤ እኔ ሬንተን አውሮፕላን ፋብሪካ ውስጥ ቆሜ እሠራለሁ። እሱ ፀጉር አለው፤ የእኔ ከሸሸ ቆየ። እሱ ሲቀልድ ገበታው ሁሉ ይስቃል፤ እኔ ስቀልድ ባለቤቴ «አሁን ይሄ ምኑ ነው የሚያስቀው?» ትላለች። ሊወስድብኝ የማይችል አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ፤ እሱም ታላቅነቴ ነው። አባታችን ሲሞት ወንድሜ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ እኔ አሥራ አራት። ለቀስተኛው ተበትኖ ቤቱ ጭር ሲል እናታችን ከፊቴ ቁጢጥ አለችና «ወንድምህን አደራ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት ስንሄድ፣ ወንዝ ስንወርድ፣ በኋላም እኔ እዚህ ሆኜ እሱ ሊመጣ ሲነሣ በስልክ፣ ይህችኑ ሁለት ቃል ትለኛለች። ሌላው ሰው ሹመት እንደሚቀበል ነው የተቀበልኳት። ወንድሜ አርባን ካለፈ በኋላ እንኳ፣ እሱ የራሱን መኪና ነድቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ እናቴ ወደ እኔ ዞራ «ኧረ ደርሶ እንደሆነ ኮል አድርግለት፤ ወንድምህን አደራ» ስትል ደረቴ ይነፋል።

እናታችን ከሦስት ዓመት ወዲህ እኔ ቤት ናት፣ ሬንተን። ወንድሜ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለምሳ ይመጣል። ነገሩ የተጀመረውም በአንዱ እሑድ ነው። እጁን ታጥቦ ገና ሳይቀመጥ «በጥቅምት ሂማላያ ልወጣ ነው» አለ።

«ምን ጠፍቶብህ?» አለች እናታችን።

«ምንም አልጠፋብኝም እማዬ። ተራራ መውጣት ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ መውረድ።»

እናቴ ሳቀች። ወንድሜ ወሬውን ቀጠለ። ተራራው ኔፓል ውስጥ ነው፤ ከስድስት ሺህ ሜትር ያልፋል፤ ሆኖም ለጀማሪ የሚሆን ነው። መሪ አለው፣ ገመድ አለው፣ ልምምዱም እዚሁ ሲያትል ነው። አሥራ ሰባት ዓመት የሆናት ልጄ ስልኳን ገበታው ላይ ደፋችው፤ ይህ በእኛ ቤት ብርቅ ነው። «አንክል፣ ዛትስ ሶ ኩል!» አለች። ባለቤቴ ደግሞ ወጥ እየጨመረችለት «አቤት ጀግንነት!» አለችው። ሃያ ዓመት አብሬያት ስኖር፣ ወንበዴ የሚመስል ራኩን የሚሉት አውሬ ከጓሯችን በመጥረጊያ ሳባርር እንኳ፣ ጀግና ብላኝ አታውቅም። ቀናሁ። ከዚያ አፌ ከእኔ ቀደመና «እኔም እሄዳለሁ» አለ።

ባለቤቴ ሆዴን ነው ያየችው፤ ፊቴን አይደለም። ወንድሜ ግን ከመቀመጫው ተነሥቶ አቀፈኝ።

«ጋሼ፣ ሲሪየስ ነህ? አብረን? በጣም ነው ደስ ያለኝ!»

የምሩን ደስ ብሎት ነበር። የሚያናድደውም ይህ ነው። ቢከፋው ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ቀኝ ጉልበቴን ያመኛል። ሃያ ዓመት ሲሚንቶ ላይ ቆሞ የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ የሚያመው ነገር አለው፤ የእኔ ጉልበት ነው። የምንሞላው ፎርም «የቆየ ጉዳት ወይም ሕመም አለብዎት?» ይላል። ወንድሜ ከጎኔ ተቀምጦ የራሱን እየሞላ ነው። እኛ ደግሞ «እንደምን ነህ» ስንባል አንድ እግራችን መቃብር ውስጥ ቢሆንም «እግዚአብሔር ይመስገን» የምንል ሰዎች ነን። «የለም» ብዬ ጻፍኩ። በሁለት መስመር አሰመርኩበት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ብለን ዳገት እየወጣን ተለማመድን። ወንድሜ ቦርሳውን በውሃ ጠርሙስ ይሞላል፤ ጫፍ ስንደርስ ውሃውን ሜዳ ላይ ይደፋና ባዶ ቦርሳውን አንጠልጥሎ እየዘለለ ይወርዳል።

«ሲወርዱ ክብደት ጉልበት ይበላል ጋሼ። አንተም እንደዚህ አድርግ» አለኝ።

ማጭበርበር መሰለኝ። የተሸከመውን መንገድ ላይ ደፍቶ የሚመለስ ምን ዓይነት ወንድ ነው? እኔ የባለቤቴን ሃያ አምስት ፓውንድ የጤፍ ዱቄት ከነከረጢቱ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ነበር የምወጣው። ጤፍ ደግሞ አይደፋም። ወጣሁበት፣ ወረድኩበት። ቤት ስገባ መታጠቢያ ቤቱን ቆልፌ ጉልበቴን በቪክስ አሸዋለሁ፤ ውሃውን ከፍቼ እለቀዋለሁ፣ ሳቃስት እንዳይሰማ። ባለቤቴ አንድ ቀን ልታቦካ ከረጢቱን ስትፈታ «ይሄ ጤፍ ምነው ላብ ላብ ይላል?» አለች። ሱቁን አማሁላት።

የገመዱ ልምምድ ሶዶ በሚባል የሲያትል ሰፈር ውስጥ ነበር፤ የጭነት መኪኖች ከሚያድሩበት ግቢ ጎን ባለ ባዶ መጋዘን ውስጥ። መሪያችን ኔፓላዊ ነው። በጋውን እዚህ ሬኒየር ተራራ ላይ ሰው ይመራል፤ መከር ሲሆን አገሩ ገብቶ ጀማሪዎችን ያወጣል። ቁመቱ ከትከሻዬ አያልፍም፤ ወሬ አያበዛም፤ እጁ ግን የአናጢ እጅ ነው። እኔን «ዳይ» ብሎ ይጠራኛል። ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቀው «በእኛ ቋንቋ ታላቅ ወንድም» አለኝ። ወንድሜን በስሙ ነው የሚጠራው። የዚያን ቀን በዚህ ሰውዬ ፍቅር ወደቅሁ።

አራት ነበርን፤ መሪው፣ እኔ፣ ወንድሜ፣ አንዲት ጡረታ የወጣች አሜሪካዊት መምህርት። በአንድ ገመድ ልንታሰር ወገባችን ላይ ቀበቶ እያጠበቅን ሳለ ወንድሜ መሪውን በክንዱ ይዞ ወደ መጋዘኑ ጥግ ወሰደው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ብዙ ነገር ነገረው። መሪው አንዴ ዞር ብሎ አየኝና ራሱን ነቀነቀ። ተመልሶ ሲመጣ ደረቱን ነክቶ «አንድ፣ እኔ» አለ። ከዚያ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። «ዳይ፣ ሁለት» አለ። ሦስተኛ መምህርቷን፣ መጨረሻ ላይ ወንድሜን አሰረ።

ወንድሜ ጥግ ወስዶ ምን እንዳለው ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም ብዬ ነበር። ከመሪው ቀጥሎ ያለውን ቦታ ለራሱ ለምኗል፤ ሰውዬው ደግሞ ታላቁ እያለ ለታናሹ አይሆንም ብሎታል። ድግስ ቤት ቄሱ ከተቀመጡ በኋላ ከጎናቸው ያለው ወንበር የማን እንደሆነ ማንም ሳይነግረው የሚያውቅ ሕዝብ ነው ያሳደገኝ። አንድ ጎረምሳ ዘው ብሎ እዚያ ቢቀመጥ ማንም አይጮኽበትም፤ ሰዉ ዝም ብሎ ያየዋል፣ እሱም ራሱ ይነሣል። ይህ ኔፓላዊ የተራራ አገር ሰው ስለሆነ ወግ ያውቃል አልኩ። ሲሚንቶ ላይ በነጭ ቴፕ የተሠመረውን መሥመር ይዘን፣ አራት ትልልቅ ሰዎች በአንድ ገመድ ታስረን መጋዘኑን ስንዞር፣ አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር የምሄደው።

ስንመለስ በፍሪዌዩ ወንድሜ እየነዳ ነበር። «አይዞህ፣ መጨረሻም ብትሆን ገመዱ ያው አንድ ነው» አልኩት። ማጽናናቴ አልነበረም፤ መውጋቴ ነበር።

«ልክ ነህ ጋሼ» አለኝ። ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም።

የምንሄድ ዕለት ቤተሰቡ ሁሉ ኤርፖርት ሸኘን። እናቴ መጀመሪያ እኔን ሳመችኝ፤ ሦስት ጊዜ፣ ግንባሬን ጨምራ። ቆሜ ጠበቅኋት። ሁለቱን ቃል ነው የምጠብቀው። አላለችኝም። ወደ ወንድሜ ዞረችና አንገቱን ወደ ታች ስባ በጆሮው ማንሾካሾክ ጀመረች። ረጅም ነበር። እሱ «እሺ እማዬ፣ እሺ» ይላል። እኔ ሻንጣ ይዤ እንደ ተሸካሚ ቆሜአለሁ። ፍተሻውን ካለፍን በኋላ «ምን አለችህ?» አልኩት።

«ያው ምርቃት ነው» አለኝ።

ለእኔ ሦስት መሳም፣ ለእሱ ሙሉ ምርቃት። እስከ ካትማንዱ ድረስ፣ በሁለት አውሮፕላን፣ ይህን ነገር አመነዠክሁት። ከአውሮፕላኖቹ አንዱን በር የገጠምነው እኛ ሳንሆን አንቀርም፤ እሱን እንኳ ለማየት ልብ አልነበረኝም።

ስለ ተራራው ብዙ ሰው ብዙ ነገር ይጠይቀኛል፤ ውበቱን፣ በረዶውን። እውነቱን ልናገር፤ አብዛኛውን ጊዜ የማየው የመሪዬን ጫማ ነበር። ጫማችን ሥር የብረት ጥርስ አስረናል፤ እሱ ጥርሱን ከነከሰበት ቀዳዳ ላይ እኔም ጥርሴን እነክሳለሁ። በእኔና በእሱ መካከል ያለው ገመድ አጭር ነው፤ በሌሎቹ መካከል ያለው ረጅም። አንዴ ስለዚህ ጠየቅሁት። «ዳይ፣ አጠገቤ እንድትሆን ነው» አለኝ። አጠገቡ እንድሆን! በበዓል ገበያ እንደተገዛ በግ በአጭር ገመድ እየተሳብኩ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ደስታዬን የሚያበላሸው ማረፊያ ስንደርስ ነው። ጠዋት ጠዋት መሪው ጣታችን ላይ ትንሽ መቆንጠጫ እያደረገ የደማችንን ኦክስጅን ይለካል። «እንዴት አደርክ ዳይ?» ሲለኝ «በጣም ደህና» እለዋለሁ። ጭንቅላቴ እንደ ከበሮ እየተደለቀ «በጣም ደህና» እለዋለሁ። ከዚያ የሚያማክረው ግን ወንድሜን ነው። ምግብ በሚበሰልበት ድንኳን ውስጥ ሁለቱ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ያወራሉ፤ እኔ ስገባ ያቆማሉ። አንድ ቀን ወንድሜ ሲስቅ መሪው ትከሻውን መታ መታ ሲያደርገው አየሁ። የእኔን ትከሻ መትቶት አያውቅም። እኔ እኮ ሁለተኛ ነኝ፤ እሱ አራተኛ ነው፤ ታዲያ ለምን ከእሱ ጋር ይስቃል? ሃምሳ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሰው፣ አምስት ሺህ ሜትር ላይ፣ እንደ ሕፃን ከንፈሬን ጥዬ ሻይ ጠጣሁ።

ጫፉ ላይ የደረስነው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። መሪው ደረሰ፣ እኔ ደረስኩ፣ መምህርቷ እያለቀሰች ደረሰች፣ ወንድሜ ደረሰ። ዙሪያችን ሁሉ ነጭ ነው፤ ነፋሱ ዓይን አያስከፍትም። ወንድሜን አንገቱን አቅፌ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ቀደምኩህ» የሚል ነበር።

«ቀደምከኝ ጋሼ» አለኝ። ዕንባው ጉንጩ ላይ ደርቆ ነበር።

ስንወርድ ሰልፉ ተገለበጠ። ወንድሜ ፊት ሆነ፤ መሪው ከሁላችን ኋላ፣ እኔ ከመሪው ፊት። ወንድሜ መንገድ ሲመራ ማየቱ ትንሽ ጎረበጠኝ፤ ግን ባቡር ወደ ኋላ ሲሄድ እንደዚያው ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አንድ ሹል ቁልቁለት ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። እግሬ ሸርተት አለ፤ ወዲያው ግን ወገቤ ላይ ያለው ቀበቶ ጨመደደኝና ባለሁበት ቀረሁ። ክንድ የሚያህል እንኳ አልወረድኩም። መሪው ከኋላዬ በአንድ እጁ ገመዱን ይዞ «ቀስ፣ ዳይ» አለኝ። ይህን ክፍል ሬንተን ስደርስ ለማንም አልነገርኩም።

የቀረውን ግን ያልነገርኩት ሰው የለም። ለቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ለፋብሪካ ሰው፣ ፀጉር ሊቆረጡ ለመጡ የማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ (እኔ የሚቆረጥ የለኝም፤ ለወሬው ነው የሄድኩት) ተናገርኩ። «ከመሪው ቀጥሎ እኔ ነበርኩ። ወንድሜ? እሱም ጎበዝ ነው፤ ከኋላ ነበር» እላለሁ። ሽማግሌዎቹ «ታላቅ ታላቅ ነው» ይሉኛል። ወንድሜ አንዳንዴ አጠገቤ ቆሞ ይሰማል። ፈገግ ይላል እንጂ አንድም ቀን አላረመኝም። ስለሚያፍር ነው አልኩ።

ከዚያ የገና ጾም ሊገባ ሲል መሪው ወደ ሲያትል ተመለሰ። እናቴ «ልጆቼን ይዞ ወጥቶ ይዞ የወረደውን ሰው ሳላበላው አልጾምም» አለች። ለምሳ ጠራነው።

እናቴ ሰውን በቦታው ታስቀምጣለች። መሪውን ገበታው ራስ ላይ አስቀመጠችው፣ እኔን ከጎኑ። ወንድሜ በሩ አጠገብ ካለው ጫፍ ከልጄ ጋር ተቀመጠ። መሪው በእጁ በላ፤ አገሩም በእጅ እንደሚበላ ነገረን፤ እናቴ ወደደችው። ሁለት ጊዜ አጉርሳው ሦስተኛውን እያዘጋጀች ለልጄ «በይ አስተርጉሚልኝ» አለቻት።

«ልጄ፣ ልጆቼን በሰላም ስላመጣህልኝ እግዚአብሔር ይስጥህ። ሌላም ደስ ያለኝ ነገር አለ። ታላቁን ከአጠገብህ አድርገህ፣ ታናሹን ከኋላ አስከትለህ መራሃቸው አሉ። ወግ ታውቃለህ። በእናንተም አገር እንዲህ ነው ወይ?»

ልጄ በእንግሊዝኛ ነገረችው። መሪው የጎረሰውን ውጦ ሳቀ። እንግሊዝኛው ቀስ ያለ ነው፤ እያንዳንዱ ቃል ይሰማል።

«አይደለም እናቴ» አለ። «ከእኔ ቀጥሎ የማስረው ደካማውን ነው። አጠገቤ ከሆነ ሲወድቅ ቶሎ እይዘዋለሁ። ጠንካራውን መጨረሻ አስረዋለሁ፤ እኔ እንኳ ብወድቅ ሁላችንን የሚይዘን እሱ ነው።» ከዚያ አገጩን ወደ ወንድሜ ቀና አደረገ። «እሱ ነው የነገረኝ። ገና ሶዶ እያለን። ‹ወንድሜ ጉልበቱን ያመዋል፣ አይናገርም፤ ለእኔ አባቴ ነው፤ እጅህ የሚደርስበት ቦታ አድርግልኝ፣ ግን እንዳያውቅ› አለኝ።»

ወንድሜ ከወዲያ ማዶ አትናገር በሚል ራሱን እየነቀነቀ ነበር፤ ሰውዬው ዘግይቶ አየው።

«ኦ» አለ መሪው። ወደ እኔ ዞረ። «ዳይ፣ እስካሁን አታውቅም ነበር?»

ጆሮዬ ጋለ። ሽማግሌዎቹ፣ ፀጉር ቤቱ፣ የፋብሪካው ሰው፣ ሁሉም በየተራ ፊቴ ላይ መጡ። መጋዘኑ ጥግ ላይ የተባለውን በመጨረሻ ሰማሁት። እናቴ አንድም ቃል አልገባትም። ጉርሻውን በእጇ እንደያዘች «ምን አለ?» አለች።

ልጄ አየችኝ፤ ከዚያ አጎቷን አየች። «አይ… ሶ፣ እማማ…» ብላ ቆመች።

ወንድሜ እንጀራ እየቆረሰ፣ ቀና እንኳ ሳይል «እንደ እኛው ነው ይላል እማዬ» አለ። «በእኛም አገር ታላቅ ይቀድማል ነው የሚለው።»

«አላልኳችሁም!» አለች እናቴ፤ መሪውንም አጎረሰችው።

እዚህ ላይ ላቆም እችል ነበር። ማንም አይነግራትም። ልጄ ዓይኗን ገበታው ላይ ተክላለች፤ ባለቤቴ እንግሊዝኛውን ሰምታ እንዳልሰማ ሆናለች። ወንድሜ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ገመዱን ያዘልኝ፤ በእጁ እንጀራ ይዞ፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር። ብልጠቱን፣ ሥራውን፣ ፀጉሩን ችዬ ኖሬአለሁ። ደግነቱን ግን አልቻልኩም። ከሁሉ በላይ የቀናሁበት ያን ጊዜ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ ዝም ማለት የታላቅ ሥራ ነው፤ የእኔ ሥራ ነበር። ስለዚህ የተናገርኩት ጨዋ ሆኜ አይደለም። በዚህም እንዳይበልጠኝ ነው።

«እማዬ፣ እንደዚያ አላለም» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «ከመሪው ቀጥሎ የሚታሰረው ደካማው ነው ያለው። ደካማው እኔ ነበርኩ። ጉልበቴን ያመኛል። ይሄ ልጅ አውቆብኝ፣ ለምኖልኝ ነው እዚያ የታሰርኩት። ስወርድም ተንሸራትቼ ነበር፤ በገመድ ነው የያዙኝ።»

ወንድሜ «ጋሼ፣ ተው» አለ።

እናቴ እጇን በሳህኑ ጠርዝ ጠረገች። ይደነግጣሉ ብዬ የጠበቅኋቸው ዓይኖቿ አልደነገጡም።

«ጉልበትህንማ አውቃለሁ» አለችኝ። «ቤቱ ሁሉ ቪክስ ቪክስ ሲሸት አፍንጫ የለኝም? ኤርፖርት ለእሱ የነገርኩት ምን መሰለህ? ወንድምህን አደራ ነው ያልኩት።»

አንዳችም ክፋት አልነበረባትም። የማውቀውን ነገር እንደምትነግረኝ ነበር የነገረችኝ። ከዚያ ወደ መሪው ተመልሳ «ብላ እንጂ ልጄ» አለችው። እኔ ግን ቆርሼ የያዝኩትን እንጀራ መልሼ አስቀመጥኩት። ሠላሳ አምስት ዓመት ያችን ሁለት ቃል የሰማሁት እኔ ነበርኩ። ለእኔ መባሏ ቀርቶ ስለ እኔ ተባለች። ከእኔ ወደ እሱ ስትሻገር አላየሁም፤ ሻንጣ ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

መሪው ቀድሞ ሄደ። ሲሰናበተኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ ያን ያህል የተመኘሁት ነገር፣ ምንም አልተሰማኝም። ወንድሜ ዕቃ አጥቦ፣ እናቴን ስሞ ጃኬቱን ለበሰ። እናቴ «ውጣና ሸኘው» አለችኝ።

ደጁ ዝናብ ነበር፤ ያው ሁልጊዜ የሚዘንበው ደቃቃው። ከቤታችን ደጃፍ እስከ መኪና ማቆሚያው ሰባት ደረጃ ነው፤ ሲረጥብ ያንሸራትታል። እሱ ከፊት ወረደ፣ እኔ ብረቱን ይዤ ከኋላ።

«ጋሼ፣ ተቀየምከኝ?» አለኝ ሳይዞር።

«አልተቀየምኩህም። ቀንቼብህ ነው» አልኩት። በሕይወቴ ይህን ቃል ለእሱ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

«በምኑ?»

ዝርዝሩ ረጅም ነበር። «በአደራዋ» አልኩት።

ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቆሞ ኪሱን መፈተሽ ጀመረ፤ የግራውን፣ የቀኙን፣ የጃኬቱን ውስጥ። አንድ ደረጃ ወረድኩ፤ ጉልበቴ ቀጭ አለ። እሱም አንድ ደረጃ ወርዶ እንደገና ቆመና እንደገና ኪሱን ፈተሸ። እኔ ስወርድ ይወርዳል፤ እኔ ስቆም ይፈትሻል። ዝናቡ ራሴ ላይ እየወረደ ነው፤ የሚከልልልኝ ፀጉር የለም።

«ቁልፍህን ካገኘህ ሂድ እንጂ» አልኩት።

«አላገኘሁትም ጋሼ» አለኝ።

ቁልፉ በእጁ ነበር።